ከፓራፋንጎው ሥር ሦስት ነጥብ

ባለ ሁለት ወንበሯ ቀይ መኪና አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከዶክተሩ ጋራዥ አልወጣችም። ሰፈሩ መኖሯን ያውቃል፣ ያያት ግን የለም። ይሸጧት እንደሆነ የጠየቀ ሁሉ «የምትሸጥ አይደለችም» ተብሎ ተመልሷል። ታዲያ ባለፈው ሳምንት ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ራሳቸው «ያቺን መኪና ላንተ አስቤያታለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ና» ብለው ሲልኩበት ዳሳሹ ከመደሰቱ በፊት ግራ ገባው። ዋጋውን ሲሰማ ደግሞ የባሰ ግራ ገባው። በዚያ ዋጋ ደህና ሞተር ሳይክል እንኳ አይገኝም።

ዳሳሹ ባትላሜራ ነው። የተጨማደደ ላሜራ ቀጥቅጦ ያቃናል። ስሙን ያወጡለት የጋራዥ ሰዎች ናቸው፤ ዓይኑን ጨፍኖ መኪና ሲዳብስ ከቀለም ሥር የተደበቀ ጥገና በመዳፉ ያገኛል። ዕድሜውን በሰው መኪና ላይ ጨርሶ የራሱ የሚለው ብስክሌት እንኳ የለውም። ለነገሩ ብስክሌት በእነሱ ቤት ስሙም አይነሳም።

ታላቅ ወንድሙ አንድ ረቡዕ ማታ ከሥራ በብስክሌት ሲመለስ መኪና ገጨው። የገጨው ሰው ጥሎት ሄደ። አንዳንዴ ሥራ ቦታው ያድር ስለነበር ሐሙስን የፈለገው አልነበረም፤ የተገኘው ዓርብ ጠዋት፣ ከመንገዱ ዳር ካለው ቦይ ውስጥ ነው። አስከሬኑን የመረመሩት ሰዎች «ሐሙስን በሕይወት ነበር» አሉ። ያቺ ቃል በእናቱ ልብ ውስጥ እንደ እሾህ ተሰክታ ቀረች። «ሐሙስን ሙሉ እኔ ልብስ አጥብ ነበር» ትላለች እስከ ዛሬ። «ማን እንደሆነ ሳላውቅማ አፈር አልለብስም።»

ደም ግፊቷን ከዚያ ዓመት ጀምሮ በነጻ የሚከታተሉላት ዶክተሩ ናቸው። መድኃኒቷን ገዝተው ቤቷ ድረስ ያመጡላታል። «አንድ ልጅ ቢወሰድብኝ እኚህን ሰው ሰጠኝ» እያለች ትመርቃቸዋለች። ምርቃቱ ሲበዛ ዶክተሩ ሁልጊዜ ተነስተው ይሄዳሉ። ዳሳሹ ይህን ከትሕትና ቆጥሮት ኖሯል።

ቅዳሜ ጠዋት በጭስ ፒካፕ ሄዱ። ጭስ የሚስቱ ወንድም ነው፤ መካኒክ ነው፤ የሞተር በሽታ ከጭስ ማውጫው አይቶ ስለሚናገር ጭስ ተባለ። ፒካፑ ላይ አራት አሮጌ ጎማ፣ ገመድና ወፍራም የመጎተቻ ብረት ጭኗል።

«ነገር በከንቱ አይረክስም» አለ ጭስ መንገድ ላይ። «ወይ ሞተሯ የለም፣ ወይ ሰውየው ልጃቸውን ሊድሩልህ ነው።»

«እህትህን አግብቼ?»

«እሱን ነው የምለው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

የዶክተሩ ቤት ከአቀበቱ ጫፍ ላይ ነው። መንገዱ ሽቅብ ለሚመጣ ጉልበት የሚፈትን፣ ከበራቸው ቁልቁል ለሚወርድ ደግሞ ልብ የሚያርድ ነው፤ ታች ላይ በድልድዩ ግንብ ያልቃል። ዶክተሩ በሩ ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ከስተዋል። በአንድ እጃቸው ቁልፍ፣ በሌላው የወረቀት ከረጢት ይዘዋል።

«የእናትህ የወሩ መድኃኒት ነው» አሉና ከረጢቱን ሰጡት። «እንዳይረሳ ብዬ ነው አስቀድሜ።»

የጋራዡ በር እያቃሰተ ተከፈተ። ውስጡ አይጥ አይጥ፣ ያደረ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ጭስ ሸራውን ገፈፈው። አቧራው ሲሰክን ያ ረዥም አፍንጫዋ፣ ያ ዝቅ ያለ ወገቧ ብቅ አለ። ዳሳሹ ሳያስበው አንድ እርምጃ ቀረበ። የእሷ ዓይነት መኪና ሥዕል ሥራ ቦታው ግድግዳ ላይ ለጥፎ ኖሯል።

«ኧረ ዶክተር፣ ይቺማ በሽተኛ አይደለችም፣ ሬሳ ናት» አለ ጭስ፣ ሲሚንቶው ላይ የተጣበቁትን ጎማዎች በእግሩ ነካ ነካ እያደረገ። «በርስዎ ሙያ ይቺ ትታከማለች?»

ዶክተሩ አልሳቁም። ከጥግ ያለች ዱካ ላይ ተቀመጡ።

ጭስ የሞተሩን ካንዴላዎች ፈታ፤ በየቀዳዳው ዘይት ጠብ ጠብ አደረገ፤ ጎማዎቹን ቀየረ። ዘይቱ ሰርጎ እስኪገባ ጠብቆ ሞተሩን በመፍቻ በእጁ ሲገፋው እምቢ አለ፣ እምቢ አለና ድንገት ዞረ።

«ነፍስ አላት!» ጮኸ። ከዚያ ገብቶ ፍሬኑን ረገጠ። ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ሰመጠ። «ፍሬኗ ግን እንደ ሐሜተኛ አፍ ነው፣ ማቆሚያ የለውም። በብረት ነው የምትጎተተው። በገመድ ከሆነ ይህን ቁልቁለት እኛን አልፋን ወርዳ ግንቡን ነው የምትስመው።»

«እንግዲህ ውሰዳት» አሉ ዶክተሩ ቶሎ ብለው። «ዛሬ ብዙ አትመርምራት። ቤትህ ስትደርስ ቀስ ብለህ ታያታለህ።»

«ሳይዳስስ የገዛ ባትላሜራ አይተው ያውቃሉ?» አለ ጭስ።

ዳሳሹ እጁን ጠርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ከኋላ ጀመረ። ግራ ጎኗ ንጹሕ ነው። በሯም ንጹሕ። ኮፈኗም ከፋብሪካ እንደ ወጣ ነው። ዞሮ የቀኙን የፊት ጎማ የሚከልለው ፓራፋንጎ ላይ ሲደርስ መዳፉ ቆመ። ከቀለሙ ሥር የመሙያ ስቱኮ አለ። እንደ ወረቀት የሳሳ፣ የጎበዝ ሰው ሥራ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አያገኘውም ነበር። «እጁ ይባረክ፣ ማን ይሆን?» እያለ ጣቶቹን ከጠርዙ ሥር ሰደደ፤ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገ።

አንድ ነጥብ። ሁለተኛ። ከሁለቱ በላይ ሦስተኛ።

ዓይኑን አልገለጠም።

ሙያውን ያስተማረው አለቃው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ደንብ ነበረው። «የኛ ሥራ የማይታይ ነው። ፊርማ የሚያምረው ሄዶ ሥዕል ይሣል።» ዳሳሹ ያን ደንብ አንድ ቀን ብቻ ጥሷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን አንድ ፓራፋንጎ ከጨረሰ በኋላ፣ ደስታው አላስችል ብሎት፣ ማንም ከማያየው ጠርዝ ሥር በብረት መውጊያ ሦስት ነጥብ መታ። ፓራፋንጎው የመጣው ከመኪናው ተፈትቶ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነበር። ተለቅልቆ ታጥቧል። «ሳይመሽ ይውጣ» አለው አለቃው፤ «የማነው አትበል።» አንድ አረንጓዴ ጭረት ነበረበት። በብርጭቆ ወረቀት ፈቀፈቀው። ከጭነት መኪና የተረፈ አረንጓዴ ቀለም ለወንድሙ ብስክሌት የቀባው እሱ ራሱ ነበር፤ ግን በዓለም ላይ ስንት አረንጓዴ አለ? እያፏጨ ነበር የሚፍቀው።

ቀኑ ሐሙስ ነበር።

«ዶክተር» አለ ጀርባውን እንደ ሰጠ። «መጨረሻ የነዷት መቼ ነበር?»

ዓመቱን ነው የጠየቀው። ዶክተሩ ግን «ረቡዕ» አሉ።

ጭስ መፍቻውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

«ሐሙስን በሕይወት ነበር» አለ ዳሳሹ።

«አውቃለሁ።»

«ሐኪም ነበርክ።» አሥራ ስምንት ዓመት «እርስዎ» ያላቸውን ሰው አንተ አላቸው፤ ሦስቱም ሰሙት።

«ወርጄ አየሁት። ይተነፍስ ነበር። ጠጥቼ ነበር… ቤት ገብቼ፣ ተረጋግቼ ልመለስ ብዬ ነው የሄድኩት።» ዶክተሩ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። «አልተመለስኩም።»

«ለምን ዛሬ?»

«ብዙ ጊዜ አልቀረኝም። ስትፍቃት ራስህ ታገኘዋለህ ብዬ ነበር። እኔ ካለፍኩ በኋላ።»

«የጠገነውን ሰው ታውቀዋለህ?»

«አለቃህ ነዋ።»

«እኔ ነኝ።»

ዶክተሩ ከዱካዋ ተነሱ፤ መልሰው ተቀመጡ።

ዳሳሹ ያመጣውን ብር ከኪሱ አውጥቶ ዱካዋ አጠገብ አኖረው። «ገዝቻታለሁ። አሁን ትሄዳለች፣ እማዬ ግቢ። መሪ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋታል። አንተ ትይዛለህ።»

መኪናዋን ገፍተው በሩ ላይ አቆሙ፤ ጭስ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ አደረገ። ዶክተሩ ገብተው መሪውን ያዙ። ዳሳሹ ወደ ፒካፑ ሄደ። ብረቱና ገመዱ ጎን ለጎን ተጋድመዋል። እጁ ገመዱን አነሳ።

«አንተ ሰውዬ» አለ ጭስ በሹክሹክታ። «እሱ ገመድ ነው።»

«መሆኑን አየሁ።»

«ፍሬን የላትም አልኩህ እኮ! በእናትህ!»

ዳሳሹ ቋጠሮውን ማሰር ጀመረ። ታች፣ ሩቅ፣ የድልድዩ ግንብ ፀሐይ መቶት ነጭ ሆኗል። ዶክተሩ በመስኮቱ አንገታቸውን ብቅ አድርገው ገመዱን አዩ፤ ቁልቁለቱን አዩ።

«ገመዱ ይበቃል» አሉ ቀስ ብለው። «ግድ የለም ልጄ፣ ይበቃል።»

ድምፃቸው ውስጥ እፎይታ ነበር፤ ሕመሙ ሲለቀው የሚተነፍስ ሰው ዓይነት። የዳሳሹ እጅ ቋጠሮው ላይ ቀረ። ለካ ሰውየው እዚህም ላይ ሊሄድ ነው። ያን ጊዜም ሄደ፣ አሁንም ሊሄድ ነው።

ገመዱን ፈትቶ ወረወረው። ብረቱን አምጥቶ ከሁለቱም በኩል አስገባ፤ ብሎኑን እስኪጮህ ድረስ አጠበቀው።

«አይበቃም» አለ። የመድኃኒቱን ከረጢት በመስኮቱ አቀበላቸው። «ይሄንንም ራስህ ስጣት።»

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ብረቱ ሲጢጥ ይላል። ጭስ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ፒካፑን ይነዳል። ዳሳሹ በመስታወቱ ውስጥ የቀይዋ መሪ ላይ የተጣበቁትን ሁለት እጆች ብቻ ያያል። ግንቡን አለፉት።

እናቱ በሩ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። ከቀይዋ መኪና ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ስትለይ ፊቷ በራ። እግሯን እየጎተተች ገብታ ወንበር ይዛ ወጣች፤ በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገችለት።

«ውይ ዶክተሬ! ዛሬ ደግሞ እንዴት አምሮብዎት መጡልኝ! ይቀመጡ፣ ይቀመጡ እንጂ!»

ዶክተሩ ከረጢቱን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ቆሙ። አልተቀመጡም።

ዳሳሹ ከፒካፑ ወርዶ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። ጥፍሩ ውስጥ የገባው ጭቃ ግን አልለቀቀም። ከዶክተሩ ቀጥሎ የሚናገረው እሱ ነው።