መሐል ላይ ማቋረጥ

ኮምቦልቻ ባለው ቢሯችን በስልክ የሚከፈት በር ሠርተናል፤ ፈታሿ እኔ ነኝ። የፍተሻ ዘዴዬ አጭር ነው፦ ባዶውን ሞክሪ፣ አብዝተሽ ሙይ፣ መሐል ላይ አቋርጪ።

«ሰው ኮድ እያስገባ ስልክ ቢደወልለትስ?» አልኩት አለቃዬን ሀፊዝን።

«ይዘጋዋላ! አታካብጂ።»

ነደደኝ። አባቱ ከአሱር ሶላት በኋላ ከኩታበር እንደሚደውሉ አውቃለሁ። ያቺን ሰዓት ጠብቄ ቢሮውን ከውስጥ ዘጋሁና «እስቲ አንተው ክፈተው» አልኩት።

ሁለት ቁጥር እንዳስገባ ደወሉ። ሊዘጋባቸው ቀርቶ ጎንበስ አለላቸው። ልጆቹን ጠየቁት፤ ከብቱን፣ አዝመራውን፣ ጎረቤቱን ጠየቃቸው። የበሩ ስክሪን ቀላ፦ «ኮዱ አልተሟላም። በሩ ለሁለት ሰዓት ተቆልፏል።»

እኔም አብሬ እንደምቆለፍ አላሰብኩም። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ነው። ሀፊዝ እጀታውን ቢነቀንቀው ንቅንቅ አላለም።

«ምነው ልጄ፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» አሉት አባቱ በስልኩ።

ግንባሩን በሩ ላይ አስደገፈ።

«ደህና ነኝ አባዬ፣ አልሐምዱሊላህ። እርስዎስ?»