አጋሙ የነበረበት ቦታ

አጋሙ ከተመነጠረ በኋላም ወፎቹ እዚያው ይሰፍሩ ነበር። ከመሬት ከፍ ብለው፣ ባዶ አየር ላይ፣ እግራቸውን ሰብስበው ይቀመጣሉ። ነፋስ ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ወዝወዝ ይላሉ።

ሞላልኝ የቀበሌው የደን ማኅበር ሰብሳቢ ነው። ማኅበሩ በደኑ ውስጥ አገር በቀል ተክል ለወፎች ይተከል ሲል፣ ቦታው ይጽዳ ብሎ ያዘዘው እሱ ነበር። እንግዶች ሊመጡ ነው፣ ቁጥቋጦ ያሳፍራል አለ። አጋሙና ቀጋው ከነወፍ ጎጆው ተመነጠረ። ከዚያ በመስመር ጉድጓድ ተቆፍሮ ከችግኝ ጣቢያ የመጣ ችግኝ ተተከለ። ችግኙ አጋምና ቀጋ ነበር።

እንግዶቹ መጡ፣ አጨበጨቡ፣ ሄዱ። ወፎቹ ችግኙን ዞር ብለውም አላዩት። ሞላልኝ ደግሞ ከተቆረጠው እሾህ ሥር ያያትን ጫጩት መርሳት አቃተው። እናቷ የመጣች መስሏት አፏን ከፍታ ወደ እሱ ተንጠራርታ ነበር። ጸጸቱ እህል አላስወርድ አለው።

በመጨረሻ የሰፈሩን አስታራቂ፣ አባ ጓንጉልን፣ አማከረ።

«በድለሃል?» አሉት።

«በድያለሁ አባ።»

«እንግዲያ ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ ጠይቃ።»

«ወፍ?»

«የተበደለውን ነዋ።»

ሞላልኝ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ጭኖ፣ አጎንብሶ ወፎቹ ፊት ቆመ። አባ ጓንጉል ከጎኑ ሆነው፣ «ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ይቅር በሉት» አሉ። ወፎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በደንቡ መሠረት የተበደለው ወገን አውርድ ካላለ ድንጋይ አይወርድም። አውርድ ያለ የለም።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አንዲት ዋኖስ መጥታ ድንጋዩ ላይ አረፈች።

«ታረቅን መሰለኝ» አለ ሞላልኝ ቀስ ብሎ።

«አትነቃነቅ» አሉት አባ ጓንጉል። «ጎጆ እየሠራች ነው።»

ሚስቱ ጥሩዬ እራቱን ይዛ መጣችና ከሥሩ ቁጢጥ ብላ አጎረሰችው።

«መቼ ነው ቤት የምትገባው?»

«ጫጩቶቹ ሲበሩ።»

«ሌላ ወፍ ደግሞ ብትመጣስ?»

ሞላልኝ ጉርሻውን ዋጠ።

ዋኖሷ አጋሙ ወደነበረበት ባዶ አየር በረረች። እዚያ ጥቂት ቆይታ፣ እርጥብ የአጋም ቀንበጥ ከነአበባው ይዛ ተመለሰች። እሾሁ የሞላልኝን ማጅራት ወጋው። ከባዶው አየር ውስጥ የጫጩት ድምፅ ይሰማ ነበር። ሞላልኝ ድንጋዩ ስለከበደው ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።