የሐሙስ ፔኒዎች

ሐሙስ ሐሙስ ሸዋረጋ ቀይ ሹራቧን ትለብስ ነበር። ለምን ብሎ የጠየቃት ሰው ቢኖር «ሱቁ ስለሚበርድ ነው» ትለው ነበር። ሱቁ በእርግጥም ይበርዳል። ለንደን፣ ኬኒንግተን ውስጥ፣ ከኦቫል ጣቢያ አምስት ደቂቃ በእግር የምታስኬድ፣ ወተትና ዳቦም ሽሮና በርበሬም የምትሸጥ ጠባብ ሱቅ ናት። ባለቤቱ አልአሚን የሚባል ከወሎ የመጣ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። ሸዋረጋ ከባንኮኒው ጀርባ መቆም ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት አልፏታል። ባሏ አገር ቤት ተመልሶ ሌላ ካገባ ከርሟል። አንድ ልጇ ተክለአብ ማንቸስተር ነው የሚኖረው፤ እሁድ እሁድ ይደውላል፣ ይጠይቃታል፣ ይዘጋል።

ሐሙስን ከሌላው ቀን የለየላት ልዑልቃል ነው።

ልዑልቃል ስልሳን ያለፈ፣ ቀጠን ያለ፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። ሚስቱ ከሞተችበት ብዙ ዓመት ሆኖታል። ፓርክ ሮያል በሚባል ሰፈር፣ ሳንድዊች እየታሸገ በሚወጣበት ፋብሪካ ይሠራል፤ የዕረፍት ቀኑ ሐሙስ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ወተት ሊገዛ ገብቶ ሳለ ከባንኮኒው ሥር የፔኒ ባልዲ አየ፤ ፔኒ መቶው ተሰብስቦ አንድ ፓውንድ የሚሆን ትንሽ ሳንቲም ነው። ደንበኛ አንድና ሁለት ፔኒ መልስ ሲሰጠው እዚያው ትቶት ይሄዳል። ባንኩ ደግሞ መቶ መቶ ተቆጥሮ በላስቲክ ካልቀረበለት አይቀበልም። ስለዚህ ባልዲው ይሞላል፣ አልአሚን ያያል፣ ይሰለቻል፣ ይተወዋል።

«እኔ ልቁጠርላችሁ» አለ ልዑልቃል። «ገንዘብ አልፈልግም። እየቆጠርኩ አንድ በአንድ አያቸዋለሁ። የምፈልጋት ካለች በሌላ ፔኒ እለውጣታለሁ።»

«ወላሂ ጋሼ፣ ከነባልዲው ይውሰዱልኝ» አለ አልአሚን እየሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ይመጣል፣ የወተት ሳጥን ይገለብጥና ባንኮኒው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ከኪሱ ማጉያ መነጽርና የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ማግኔት ያወጣል። ሸዋረጋ መጀመሪያ ላይ በደንበኛ ተጠምዳ አላየችውም። በሦስተኛው ሐሙስ ግን ማግኔቷ ምን እንደምትሠራ ጠየቀችው።

«ከ1992 ወዲህ ያሉት ውስጣቸው ብረት ነው» አላት። «ማግኔቷን ሲያዩ ዘለው ይጣበቃሉ። የድሮዎቹ ነሐስ ናቸው፤ ንቅንቅ አይሉም። እኔ የምፈልገው የማይነቃነቁትን ነው።»

አልበሙንም አሳያት። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1971 እስከ 1991፣ ለየዓመቱ አንዲት ክብ ቀዳዳ አለችው። ሃያዎቹ ቀዳዳዎች በመጀመሪያው ዓመት ሞሉ። አንዷ ብቻ፣ የ1972ቷ፣ እንቢ አለች። ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመት የፈለገው እሷን ብቻ ነው።

አልአሚን ሊያሾፍበት ይወድ ነበር። «ጋሽ ልዑልቃል፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ለአራት ዓመት! ይህን ሁሉ ሰዓት ኦቨርታይም ቢሠሩበት መኪና ይገዙ ነበር። እስከዛሬ ካገኟቸው ውስጥ ዋጋ ያላት የትኛዋ ናት?»

«አንዷም» አለ ልዑልቃል ቀና ሳይል።

«ታዲያ ምን ይጠቅማል?»

«መኪናስ ብገዛ ምን ይጠቅመኛል? ብቻዬን ነው የምነዳው።»

ሸዋረጋ ያን ሳምንት ሙሉ ይቺን ቃል በሆዷ ይዛ ሰነበተች።

ብዙም አያወሩም ነበር። እሷ «ጋሽ ልዑልቃል» ትለዋለች፣ እሱ «ወይዘሮ ሸዋረጋ» ይላታል፤ ሁለቱም ከእርስዎ ወርደው አያውቁም። አንዳንዴ ገበያው ሲቀዘቅዝ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ሲሠራ ስለነበረው ዘመን ያጫውታታል። አንዲት ፊደል ተገልብጣ የአንድ ባለሥልጣን ስም ስድብ ሆኖ ሊወጣ ሲል እንዴት በመጨረሻዋ ደቂቃ እንደያዛት ሲነግራት እስክታለቅስ ሳቀች። ሲስቅ ዓይኑን ይጨፍናል። ይህን ያወቀችው ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያን ዓይን ለማስጨፈን ስትል ረቡዕ ማታ ምን እንደምትነግረው ታስብ ጀመር።

አንድ ጊዜ ኃይለኛ ጉንፋን ይዟት ቀረች። በማግስቱ አልአሚን እንዲህ አላት፦ «እትዬ ሸዋረጋ፣ ሰውዬው ትናንት መጥቶ ነበር። አለመኖርሽን ነገርኩት፤ ትንሽ ቆመና ባልዲውን ሳይነካው ሄደ። ምን ነካው?»

«እኔ ምን አውቄ» አለች፤ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ የሽሮውን ከረጢቶች እንደገና ደረደረቻቸው። የተደረደሩ ነበሩ።

በዚያ ዓመት ፋሲካ ሲቃረብ ስጦታ ልትሰጠው ፈለገች። ምን ልስጠው ብላ አውጥታ አውርዳ፣ ቅዳሜ ዕለት ቻሪንግ ክሮስ አካባቢ አሮጌ ሳንቲምና ቴምብር ወደሚሸጥበት ገበያ ሄደች። ፀጉሯ ነጭ የሆነ እንግሊዛዊት አሮጊት ጠረጴዛ ዘርግታ ተቀምጣለች። ሸዋረጋ የ1972 ፔኒ ካላት ጠየቀቻት፤ የአልበሙንም ነገር፣ የባልዲውንም ነገር አጫወተቻት።

አሮጊቷ መነጽሯን አወለቀች። «ያን ዓመት ለገበያ የወጣ ፔኒ የለም፣ የኔ እመቤት። የተሠራው ለሰብሳቢዎች ብቻ ነው፤ በሳጥን ታሽጎ ነው የተሸጠው። ሰውዬው ከዝርዝር ሳንቲም ውስጥ መቶ ዓመት ቢፈልግ አያገኝም። እኔ ጋ ግን አለ፤ አራት ፓውንድ።»

ሸዋረጋ ፔኒዋን በመዳፏ ይዛ ቆመች። እንደ መስታወት ታበራለች። ሦስት ዓመት ሙሉ የተፈለገችው በአራት ፓውንድ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላለች። ከፈለችና ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከአውቶቡስ ካርዷ ጀርባ አስገባቻት።

ፋሲካ መጣ፣ አልሰጠችውም። ከሰጠችው ባልዲው ምን ያደርግለታል? እውነቱን ብትነግረውስ ምን ሊያደርግ ይመጣል? ሐሙስ በደረሰ ቁጥር እሱ ባልዲው ላይ ጎንበስ ሲል እሷ ጥፋተኛ መሆኗ ይሰማታል፤ ሰውን በከንቱ ማልፋት ነው። ደግሞ «የሚቀጥለው ሳምንት እነግረዋለሁ» ትላለች። እንዲህ እያለች በጋው አልፎ ቅጠሉ ረገፈ።

ኅዳር ላይ አልአሚን አዲስ ነገር ይዞ መጣ። «ከሰኞ ጀምሮ ካሽ የለም እትዬ፤ ካርድ ብቻ ነው። ባንኩ ቅርንጫፉን ዘጋ። ሳንቲም ተሸክሜ የት ልሂድ?»

«ሽማግሌዎቹስ?»

«ዛሬ ሽማግሌው ሁሉ ካርዱን ታፕ ያደርጋል።»

ሸዋረጋ ያሰበችው ስለ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር።

የመጨረሻው ሐሙስ አዲሱን ማሽን የሚተክሉ ሰዎች ስለሚመጡ ሱቁ ቀደም ብሎ ሊዘጋ ሆነ። ባልዲው ሥር የቀሩትን ፔኒዎች ሸዋረጋ ራሷ ሰብስባ አንድ ላስቲክ ሞላች። አልአሚን ጀርባውን ሲሰጣት ከቦርሳዋ የምታበራዋን ፔኒ አውጥታ መሃል ከተተቻት። በልቧ ያለው ይህ ነው፦ ቤቱ ሄዶ ሲያገኛት ይደነግጣል፣ ይደሰታል፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ሊነግረኝ እየሮጠ ይመጣል። ባልዲ ባይኖርም መምጫ ይኖረዋል።

ልዑልቃል መጣ፣ ነገሩን ሰማ። ኮፍያውን በእጁ ይዞ ባዶውን ባልዲ ተመለከተ።

«ይቺን ወደ ቤት ወስደው ይዩዋት» አለችና ላስቲኩን ዘረጋችለት።

በምትኩ የአንድ ፓውንድ ሳንቲም ባንኮኒው ላይ አኖረ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ወይዘሮ ሸዋረጋ» አለ። የሚጨምረው ያለው መሰለ። መሰርሰሪያ የያዙት ሰዎች ገቡ፤ እሱ ወጣ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ቀይ ሹራቧን ለብሳ ጠበቀች። አልመጣም። በተከታዩ ሐሙስም አልመጣም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች፤ ሰው ይገባል፣ ካርዱን ያስነካል፣ ማሽኑ ጢጥ ይላል፣ ሰውዬው ይሄዳል። ስልክ ቁጥሩን አታውቅም። አራት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ የሚመጣን ሰው ስልክህን ስጠኝ የሚል ማን አለ? ገናም አለፈ። ማታ ማታ የራሷን ሥራ ታብጠለጥላለች፦ የፈለገውን አገኘ፣ ጨረሰ፣ ቀረ። በገዛ እጄ።

በዘጠነኛው ሳምንት ከአልአሚን ፈቃድ ጠይቃ፣ ሁለት ባቡር ቀይራ ፓርክ ሮያል ወረደች። መጋዘኑና ፋብሪካው ማለቂያ የለውም፤ ጭነት መኪናው መንገዱን ዘግቶታል፣ እግረኛ የለም። አንዱ በር ላይ ጠየቀች፣ አናውቅም አሏት። ሁለተኛው በር ላይ የፀጉር መረብ ያጠለቀ ሐበሻ ሲጋራ ያጨስ ነበር፤ ገብረመድኅን እባላለሁ አላት።

«ልዑልቃል? ሥራውን ለቀቀ እኮ! ሴት ልጁ መንታ ወልዳ፣ ሊያግዛት ክሮይደን ሄደ። ምኑ ነዎት፣ ዘመድ ነዎት?»

«የሚያውቀው ሰው ነኝ» አለች ሸዋረጋ። ቁጥሩን ጻፈላት።

ሦስት ቀን ቁጥሩን እያየች ሰነበተች። በአራተኛው ደወለች። ከበስተኋላው ሕፃን ያለቅሳል።

«ጋሽ ልዑልቃል፣ ሸዋረጋ ነኝ። ከሱቁ።»

መጀመሪያ ሕፃኑን አባበለ። «ከሱቁ ማለት አያስፈልግም ነበር» አላት።

ኢስት ክሮይደን ጣቢያ፣ ከትራሙ፣ ከከተማው ባቡር መቆሚያ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተገናኙ። የሁለት ልጅ ጋሪ እየገፋ መጣ፤ ሁለቱም ተኝተዋል። ከስቷል፣ ትከሻው ላይ የወተት እድፍ አለ። ሰላም ተባብለው ተቀመጡ።

«አገኟት?» አለች ሸዋረጋ።

«አገኘኋት። ስታበራ ገና ላስቲኩን ሳልፈታ አየኋት። የማንም እጅ አልነካትም፣ እንዲህ ያለች ፔኒ ባልዲ ውስጥ አትገባም። ያስገባት ሰው አንድ ብቻ መሆኑን አወቅኩ።»

«ታዲያ ለምን ቀሩ?»

ጋሪውን ወደፊትና ወደኋላ ገፋ አደረገው። «ስንብት መሰለኝ። ይቺው እንካ፣ የምትፈልጋት ይቺ ናት፣ ከእንግዲህ አትምጣብኝ ያሉኝ መሰለኝ። ሰው መሰልቸቱን በጨዋ አነጋገር ሲነግር እንዲህ ነው ብዬ… አፈርኩ። ወዲያው ደግሞ ልጄ ወለደች።»

«እኔ እኮ ሊነግሩኝ እንዲመጡ ብዬ ነው!» ድምፅዋ ከፍ ስላለ አላፊ አግዳሚው ዞሮ አያት። «እንዲመጡልኝ ብዬ! ለገበያ ያልወጣች መሆኗን ከፋሲካ ጀምሮ አውቄ ደብቄዎታለሁ። በከንቱ አለፋሁዎት።»

ልዑልቃል ዓይኑን ጨፈነ። እየሳቀ ነው ወይስ ሌላ ነገር፣ ሸዋረጋ አልለየችም።

«እኔም አውቅ ነበር» አለ። «አልበሙ ጀርባ ላይ ተጽፏል። በሁለተኛው ዓመት አነበብኩት።»

«ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ሲፈልጉ ነበር?»

ልዑልቃል እጇን ያዘ፤ እጁ በፋብሪካው ቅዝቃዜ የሻከረ ነው። «ሸዋዬ» አላት፤ ቀጥሎም፣ «አንቺ እንዴት ነሽ?»

እንዲህ ሆነ። ለደስታ ዘግይተዋል ለማለት ግን አይቻልም፤ ደርሰዋልም ለማለት አይቻልም። የልጁ ባል ጥሏት ሄዷል፤ እሷ ወደ ሥራ ከተመለሰች ወዲህ መንታዎቹን የሚይዘው ልዑልቃል ነው። የሚተኛው ሳሎን ሶፋ ላይ ነው። ለራሱ የሚተርፈው ሐሙስ ዕለት አንዲት ሰዓት ናት፤ እሷም ልጆቹ ከተኙለት። ሸዋረጋ ከአልአሚን ጋር ተነጋግራ ሐሙስን የዕረፍት ቀኗ አደረገችው። በቪክቶሪያ በኩል ባቡር ይዛ ትሄዳለች፣ አንድ ሰዓት አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች፣ ትመለሳለች። ተመልሳ ቤቷ ስትገባ ያልነገረችው ነገር ሁሉ ትዝ ይላታል፤ እስከሚቀጥለው ሳምንት ይዛው ትዞራለች።

አንድ የየካቲት ሐሙስ ባቡሩ ክሮይደን ሊገባ ሲል ደወለላት። አንዱ ሕፃን አተኩሶታል፣ መውጣት አይችልም። «መንገድ አልጀመርሽም አይደል?»

«ኧረ ገና ቤቴ ነኝ» አለችው።

ወርዳ ትንሽ ቆመች፤ ወደ ኒው አዲንግተን የሚሄደው ትራም መጣና ተሳፈረች። ልጁ የምትኖርበትን ሕንፃ አንድ ጊዜ በጣቱ አሳይቷት ነበር። ትራሙ በዚያ ሲያልፍ ግንባሯን መስኮቱ ላይ ለጠፈች። ሦስተኛው ፎቅ በረንዳ ላይ ትናንሽ የሕፃን ልብሶች ተሰጥተዋል። የእነሱ ይሁን የሌላ ሰው አላወቀችም። እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሄደች፤ ሳትወርድ በዚያው ተመለሰች፣ አሁንም በመስኮት አየች። ልብሶቹን አንድ ሰው እያስገባ ነበር፤ ማን እንደሆነ ሳትለይ ትራሙ ታጠፈ።

ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«ትኩሳቱ በረደለት?»

«በረደለት፣ አሁን ተኛ። አንቺስ? ምንድነው የሚጮኸው፣ የት ነሽ?»

«አውቶቡስ ውስጥ ነኝ፤ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ» አለች። «ዝም ብለህ ትንሽ አዋራኝ።»