መሬቱን አልለቀቅኩም

ዳኛዋ ፈረዱልኝ። አብዱራህማን የተበደረኝን ሦስት መቶ ሺህ ብር እንዲከፍል ተወሰነ። እልል ልል ነበር፤ ችሎት ውስጥ ነውር ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ወደ አፈጻጸም ሄድኩ። እዚያ የተቀመጠው ሰው፣ "እናቴ፣ ምኑን ይዘን እናስከፍለው?" አለኝ።

"መሬቱን ነዋ! ያስያዘኝ ካርታ ይኸው።"

ካርታውን ገለባብጦ አየው። "ይሄ እኮ ጁባ ነው። በሌላ አገር መሬት ላይ እኛ ሐራጅ አናወጣም። እዚህስ ምን አለው?"

እዚህ ምንም የለውም። ቤቱ የኪራይ ነው፤ የጭነት መኪናውንም ከሸጠ ቆይቷል።

"ታዲያ ፍርዱን ግድግዳ ላይ ልስቀለው?" ብዬ ተነስቼ ወጣሁ።

ጁባ ምግብ ቤት ነበረኝ። ቆርቆሮ ናት፣ ግን ሾፌር ሁሉ እኔ ጋ ነበር የሚበላው። አብዱራህማንም ከሾፌሮቹ አንዱ ነበር። እሱ የጠመንጃ ያዥ ሠፈር ልጅ፣ እኔ የልደታ፤ እዚያ ስንገናኝ ዘመድ ሆንን። ተኩሱ የተነሳ ለት ያጠራቀምኩትን በወገቤ አስሬ ስሮጥ፣ መኪናው ላይ ጭኖ በኡጋንዳ በኩል ያወጣኝ እሱ ነው። አገር ከገባን በኋላ የጎማ ንግድ ልጀምር ብሎ ብድር ጠየቀኝ። "የጁባ መሬቴን ካርታ ያዢ፤ አገሩ ሲረጋጋ ሸጬ እከፍልሻለሁ" አለ። ሰጠሁት። ንግዱ ከሰረ፤ አገሩም አልረጋ አለ። የራሴን ምግብ ቤት የምከፍትበት ብር ነበር። ይኸው በሰው ወጥ ቤት ሽንኩርት ከታፊ ሆኜ ቀረሁ። በኋላ ስልኬንም ማንሳት ሲተው ነው የከሰስኩት።

ከፍርዱ በኋላ ብዙም አልቆየ፤ ስኳር ነበረበት፣ ሞተ።

አብራኝ የምትሠራው ወርቄ፣ "በይ እንግዲህ፣ ካርታሽን ቂጣ ጠቅልይበት" አለችኝ።

ቀብሩ ሄድኩ። ብከሰውም ከሞት ያወጣኝ ሰው ነው፣ አልቀርም። መስጊዱ በር ላይ ከክርስቲያን ጎረቤቶቹ ጋር ጥላ ይዤ ቆምኩ። ሊሰገድበት ሲል ታላቅ ወንድሙ ወደ ሰዉ ዞሩ። ሐጂ ነው የምንላቸው። በእነሱ ዘንድ ሟች ዕዳውን ይዞ አይሸኝም።

"ወንድሜ የሰው ገንዘብ ካለበት ዛሬ ተናገሩ" አሉ። "የቻላችሁ አፉ በሉት፣ ማሩት። ያልቻላችሁ እኔን ያዙኝ።"

"አፉ ብለናል! አፉ ብለናል!" አለ ሰዉ።

እኔ አላልኩም።

"እኔ አለኝ!" አልኩ ከውጪ። ድምፄ እንዲያ ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ወንዱ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

አንድ ሽማግሌ፣ "ሴትዮ፣ ፈጣሪን አትፈሪም? ጀናዛው እየጠበቀ እኮ ነው!" አለኝ።

"ተናገሩ ተባለ፤ ተናገርኩ።"

ሐጂ ሽማግሌውን በእጃቸው ዝም አሰኙትና ወደ በሩ መጡ። "ስንት ነው እህቴ?"

"ሦስት መቶ ሺህ። የጁባው ካርታ እኔ ዘንድ ነው።"

ሐጂ ልብስ ሰፊ ናቸው። ያላቸውን ለሐጁ ጉዞ ጨርሰው የተመለሱ ሰው ናቸው፤ ያን ያህል ብር ከየትም እንደማያመጡ ሠፈሩ ያውቃል።

"ከዛሬ ጀምሮ ዕዳው በእኔ ላይ ነው። ወንድሜን ልቀቂው" አሉኝ።

ከለቀቅኩት በእጄ የሚቀረው የአንድ ልብስ ሰፊ ቃል ነው። ካልለቀቅኩትም አስከሬኑ እዚያ አለ፣ ሰዉም አፌን እያየ ነው። መኪናው ላይ ሲጭነኝ ስንት ትከፍያለሽ እንዳላለኝ ትዝ አለኝ። ብሬም ትዝ አለኝ፤ አልዋሽም።

"ሰውየውን ለቅቄዋለሁ" አልኩ። "ነፍሱ በእኔ አትያዝ። መሬቱን ግን አልለቀቅኩም።"

አንዳንዱ አጉረመረመ። ሐጂ ግን "ይበቃል" ብለው ተመለሱ። ተሰገደበት።

ሚስቱ ፈሪዳ ከቤት የማትወጣበት የሐዘን ጊዜ ነበረባት፤ አራት ወር ያልፋል። እስኪያበቃ ምንም አልጠየቅኩም። ሲያበቃ ከሐጂ ጋር ቤቴ መጣች። ወራሽነቷን አስወስና ለእሳቸው ውክልና ሰጥታለች።

"ጁባ ልሄድ ነው" አሉ ሐጂ። "ያለ ካርታው ግን ማንም አይገዛኝም።"

"ብሬን ሳላይ ካርታ ልስጥ? ዋስ ይጥሩ።"

"ያን ለት መስጊድ በር ላይ የሰማው ሁሉ ዋሴ ነው። ብክድሽ በዚህ ሠፈር የልብስ ቁልፍ እንኳ የሚያስተክለኝ አላገኝም።"

ፈሪዳ አንገቷን ደፍታ፣ "እትዬ ሠርካዲስ፣ እርስዎ ካልሰጡን እኮ መሬቱ ለእኛም ለእርስዎም አይሆንም" አለች።

እውነቷን ነው። ወረቀቱ እኔ ጋ፣ መብቱ እሷ ጋ፤ እንዲሁ ተፋጥጠን ልናረጅ ነበር። ከሳጥኔ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ወርቄ ስትሰማ "አብደሻል!" አለችኝ። በማግስቱ ልደታ ማርያም ሄጄ፣ "እመቤቴ፣ ሰውየው የአንቺ ባይሆኑም ካርታው የእኔ ነው፤ በሰላም መልሻቸው" ብዬ ተሳልኩ።

ሐጂ መሬቱ ላይ ቆመው ደወሉልኝ። ነፋሱ ድምፃቸውን ይቆራርጠዋል።

"መሬቱ አለ። ግማሹን ግን ጎረቤቱ አጥሮታል። የተረፈው ከመቶ ሰማንያ ሺህ ብር በላይ አያወጣም። ምን ትያለሽ?"

"ለፈሪዳ ልጆችስ ምን ይቀራል?"

"ምንም። ዕዳ ሳይከፈል ውርስ የለም።"

"ይሽጡት" አልኩ።

ሲመለሱ ብሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። "ቀሪው በእኔ ላይ ነው" አሉ። ማሪኝ አላሉኝም፤ እኔም አልማርኩም።

አሁን ጠመንጃ ያዥ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይቼ ምሳ እሸጣለሁ። ፈሪዳ ሥራ ስትፈልግ ሰው አላስቀድምባትም ብዬ ቀጥሬያታለሁ፤ ደመወዟን በወሩ ትቀበላለች፣ ከዕዳው ጋር አላገናኘውም። ሐጂ ከፊት ለፊቴ ይሰፋሉ። ሥጋዬን ስለማይበሉ ሽሮ እልክላቸዋለሁ። ትናንት ሳህኑን ሲመልሱልኝ የዚህ ወር ብር ከሥሩ ተጣጥፎ አገኘሁት።

ቆጠርኩት። ልክ ነው።