ሁለት ቤት የተጻፈችው ልጅ

አቶ ፀሐዬ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ኮምፒውተር መማር ጀመሩ ሲባል፣ የቀራንዮ ሰፈር ሰው የየራሱን ምክንያት ሰጠ። አንዳንዱ «ፌስቡክ አምሯቸው ነው» አለ። ሌላው ደግሞ ባለቤታቸው ወይዘሮ የኔነሽ ካረፉ ስድስት ዓመት መሙላቱን አስቦ «ሚስት ሊፈልጉበት ነው» አለ። ሁሉም ተሳስቷል።

አቶ ፀሐዬ የእድር ጸሐፊ ናቸው። የአካባቢው ሰባት እድሮች ኅብረት ሲፈጥሩ፣ እያንዳንዱ እድር የአባላቱን ዝርዝር ኤክስኤምኤል በሚባል ዓይነት ፋይል አዘጋጅቶ በሁለት ወር ውስጥ እንዲልክ ተስማሙ። ኤክስኤምኤል ማለት መረጃን በመክፈቻና በመዝጊያ ምልክት እየከለሉ የሚጽፉበት ቋንቋ ነው፤ አንዱ እድር የጻፈውን የሌላው እድር ማሽን ሳይቸገር ያነበዋል። ፌርማታው ጋ ኮምፒውተር ቤት ያለው ኢብራር «ጋሼ፣ መዝገቡን ይስጡኝ፤ በሁለት ቀን ሠርቼ ላስረክብዎ» ቢላቸው፣ «የእድር መዝገብ ከጸሐፊ እጅ አይወጣም፤ ደንብ ነው» ብለው መለሱት። እንዲህ የሚል ደንብ የለም።

እውነተኛው ምክንያት መዝገቡ ውስጥ ነበር። ኢሊሊ ነገሬ የምትባል ልጅ እዚያ መዝገብ ላይ ሁለት ቦታ ተጽፋለች፤ አንዴ በእናቷ በወይዘሮ ዱሬቲ ቤት፣ አንዴ ደግሞ በራሳቸው በአቶ ፀሐዬ ቤት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኢሊሊ አባት ነገሬ ሲሞት ልጅቷ አራት ዓመቷ ነበር። ወይዘሮ ዱሬቲ ያኔ እድር አልገቡም፤ ቸርቻቸው ሀዘኑንም ደስታውንም አብሯቸው ይወጣ ስለነበር አያስፈልገኝም ይሉ ነበር። ጎረቤቶቻቸው አቶ ፀሐዬና የኔነሽ ደግሞ ልጅ አልወለዱም። በሁለቱ ግቢ መካከል ያለውን የቆርቆሮ አጥር ቀደው በር አበጁለት፣ ልጅቷም ቁርሷን አንዱ ጋ፣ ምሳዋን ሌላው ጋ እየበላች አደገች። አንድ ቀን አቶ ፀሐዬ መዝገቡን አወጡና ማንንም ሳያማክሩ፣ ከየኔነሽ ስም ዝቅ ብለው «ኢሊሊ፤ ልጅ» ብለው ጻፉ።

ከዓመታት በኋላ ወይዘሮ ዱሬቲ እድር ሲገቡ ልጃቸውን አስመዘገቡ። በደንቡ አንድ ሰው የሚጻፈው በአንድ ቤት ብቻ ነውና (ይኼኛው እውነተኛ ደንብ ነው) ጸሐፊው የመጀመሪያውን መሰረዝ ነበረባቸው። አልሰረዙም። የኔነሽ ካረፉ በኋላማ እጃቸው ጭራሽ እምቢ አለ። ኢሊሊ ከተሰረዘች በእሳቸው ቤት፣ በቁጥር ሦስት፣ የሚቀረው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ራሳቸው አቶ ፀሐዬ ናቸው። ይህን ኢብራር እንዲያይባቸው አልፈለጉም። ማንም እንዲያይባቸው አልፈለጉም።

ታዲያ ማን ያስተምራቸው? በሰፈሩ ኮምፒውተር ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ እሳቸውም ደፍረው የሚጠይቁት ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ አሁን ሃያ አምስት ዓመቷን የያዘችውና ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ውስጥ የምትሠራው ኢሊሊ ራሷ። እንግዲህ የሚደብቁትን ነገር ከሚደብቋት ሰው ሊማሩ ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ ሳጥን ነው ብለው ያስቡት» አለቻቸው በመጀመሪያው ቅዳሜ። «ይከፍታሉ፣ ያስገባሉ፣ ይዘጋሉ። ትልቁ ሳጥን እድሩ ነው። እድሩ ውስጥ ቤቶች አሉ፣ ቤቶቹ ውስጥ ሰዎች።»

«ሳጥን ለእኔ ታስተምሪኛለሽ?» አሉ። አየር ጤና አንድ ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት የያዙ ሰው ናቸው።

ሳጥኑን በእርግጥ ያውቁታል፤ ያስቸገራቸው ሌላው ነው። የመጀመሪያውን ፋይል ሲከፍቱ ከሁሉ በላይ ያለውን ምልክት «ክቡር-የኅብረቱ-ሊቀመንበር» አሉት። ኢሊሊ ከንፈሯን ነክሳ «ጋሼ፣ ሰላምታ አያስፈልገውም፤ ማሽን አይቀየምም» አለቻቸው። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ፋይሉ አልከፈት አለ። ብትፈልግ ብትፈልግ፣ የመጨረሻው መዝጊያ ካበቃ በኋላ፣ ታች፣ «ፊርማና ማኅተም» የሚል መስመር ከነነጥብ ነጥቡ ተገኘ።

«ትልቁ ሳጥን ከተዘጋ በኋላ ምንም አይጻፍም» አለች።

«ማኅተም የሌለው ወረቀት ማን ይቀበላል?»

«ወረቀት አይደለማ!»

እንደተቀየሙ ሰረዙት። ለሦስት ቀን ያህል፣ ያለማኅተም የሚላክ ዝርዝር እንደሚያዋርዳቸው ለአላፊ አግዳሚው ሲናገሩ ሰነበቱ።

ቢሆንም ጎበዝ ተማሪ ነበሩ። ከአንድ ወር በኋላ «እውነተኛዎቹን ስሞች እኔው ብቻዬን እሞላለሁ፤ የአባላት ምስጢር ነው» ብለው ላፕቶፗን ተዋሱና ሰማንያ አራቱን ቤቶች አንድ በአንድ አስገቡ። ሁሉም ደህና ሄደ። ኅብረቱ የላከው መፈተሻ ፕሮግራም ግን ፋይሉን አይቶ መለሰው፤ የአንድ ሰው መለያ ቁጥር ሁለት ቦታ ተገኝቷል አላቸው። የማን ቁጥር እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም።

እዚህ ላይ አቶ ፀሐዬ ተራቀቁ። ጋራዡ ውስጥ ሳሉ ረጅም የጭስ ማውጫ፣ ማርሚታ የሚሉት ቱቦ ሲመጣ፣ አንድ መደርደሪያ ስለማይበቃው ግማሹን አንዱ ላይ፣ ግማሹን ሌላው ላይ አጋድመው ያስቀምጡት ነበር፤ በሁለቱም መደርደሪያ ካርድ ላይ አንዱን ዕቃ ይጽፉታል፤ ሠላሳ ዓመት አንድም ማርሚታ አልጠፋባቸውም። እና የዱሬቲን ቤት ከስድሳ አንደኛ ቦታ አንስተው ከራሳቸው ቤት ጎን አመጡት። የራሳቸውን ቤት ከፈቱ። ኢሊሊን ከፈቱ። ኢሊሊን ሳይዘጉ የራሳቸውን ቤት ዘጉ። የዱሬቲን ቤት ከፈቱና እዚያ ውስጥ ኢሊሊን ዘጉ። አንድ ሰው፣ አንድ ቁጥር፣ ሁለት ቤት። መነጽራቸውን አውልቀው በሥራቸው ረኩ።

ስክሪኑ ግን በስህተት ምልክት ከላይ እስከ ታች ቀላ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ኢሊሊ መጣች። «እንዴት ነው፣ አለቀ?»

«አልቋል።»

«ታዲያ ለምን አልላኩትም?»

«ትንሽ ቀይ ነገር አለው። ሻይ ላፍላልሽ?»

ሻዩን ትታ ላፕቶፑን ሳበች። እሳቸው ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ መስኮቱን ከፈቱ። እሷ በጣቷ እየተከተለች ድምፅ አውጥታ ታነባለች። «ቤት ተከፈተ... ሰው ተከፈተ... ቤት ተዘጋ። ኧረ ጋሼ! ሰውየው ገና ሳይወጣ ቤቱን ቆለፉበት እኮ! ምስኪን፣ ማን ይሆን ይሄ...» ሳቋ መሃል ላይ ቆመ። ስሙን አነበበችው።

«ማርሚታ ነው» አሉ አቶ ፀሐዬ ወደ መስኮቱ ዞረው፤ የመደርደሪያውን ነገር እየተንተባተቡ ነገሯት።

«መቼ ነው የጻፉኝ?»

«አባትሽ በሞተ በዓመቱ።»

«ሃያ ዓመት! ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? ደንብ ጥሻለሁ ብዬ?» መጥተው ከጎኗ ተቀመጡ። «ተይው። ሳጥኑ አንድ ከሆነ አንድ ነው። እኔው ነኝ የጻፍኩሽ፣ እኔው አወጣሻለሁ።» በአንድ ጣታቸው፣ ቀስ እያሉ፣ ስሟን ከቤት ቁጥር ሦስት ሰርዘው በእናቷ ቤት ብቻ አኖሩት። ቀዩ በሙሉ ጠፋ። ሰማንያ አራቱ ቤቶች በሥርዓት ተደረደሩ፤ ሦስተኛው ውስጥ አንድ ሰው ብቻ። ልባቸው ክፉኛ ከፋው፤ ግን «ይኸው፣ ትክክል ሆነ» አሉ።

«አልሆነም» አለች ኢሊሊ። «ማሽኑ የሚያየው የተከፈተው መዘጋቱን ነው። እውነት ይሁን አይሁን የት ያውቃል?»

በዚህ መሃል ወይዘሮ ዱሬቲ በአጥሩ በር ልጃቸው የረሳችውን ሹራብ ይዘው ገቡ። የሁለቱን ፊት አዩ፣ ስክሪኑን አዩ። «ምነው፣ አወጧት እንዴ?»

አቶ ፀሐዬ ደነገጡ። «ያውቁ ነበር?»

«ሲመዘግቡኝ መዝገቡን ፊቴ ዘርግተውት አልነበር? ሃያ ሁለት ዓመት ዘነበወርቅ ሆስፒታል ካርድ ክፍል የሠራሁ ሰው ነኝ፤ በመስኮት በኩል የተገለበጠ ጽሑፍ ሳነብ ነው የኖርኩት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ምን ልበል ጋሽ ፀሐዬ? ትኩሳት ሲይዛት በጀርባዎ አዝለው ሐኪም ቤት ያደረሷት እርስዎ ነዎት፤ የትምህርት ቤት ስብሰባ ሲጠራ እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ የሚሄዱት እርስዎ። እኔ ነኝ ኋላ መጥቼ በላይዎ ላይ ያስጻፍኳት።»

ኢሊሊ ወንበሯን አስጠጋች። «ጋሼ፣ የራሱ ገቢ ያለው ሰው በስሙ ቤት መክፈት ይችላል አይደል? ወላጆቹንስ ማስመዝገብ?»

«አንቀጽ ዘጠኝ» አሉ ሳያስቡት።

«ባል ሳታገቢ ቤት?» አሉ እናቷ።

«የእድር ቤት ነው እማ፤ ሠርግ አይፈልግም።» የእናቷን የቀድሞ ቤት ሰርዛ አዲስ መጻፍ ጀመረች። ቤት፤ የቤቱ ኃላፊ፣ ኢሊሊ ነገሬ። ከሥሩ ሰው፤ ዱሬቲ፤ ዝምድና፣ እናት። «በዚህ ቋንቋ ውጪ ያለው ሳጥን ወላጅ ይባላል፤ ውስጥ ያሉት ልጆቹ ናቸው» አለች።

«ጌታ ሆይ! የስድሳ ሦስት ዓመት ልጅ ልትወልጂ ነው?» አሉ ወይዘሮ ዱሬቲ አቶ ፀሐዬን እያዩ፤ ሳቃቸው ግቢው ድረስ ተሰማ።

አቶ ፀሐዬ አልሳቁም። «የእኔ ቁጥር ሦስትስ?»

«ይዘጋል። ካልፈለጉ እንዳለ ይቆያል ጋሼ። የእርስዎ ነው።»

ቁጥር ሦስት የመሥራች ቁጥር ነው። እድሩን ከመሠረቱት በሕይወት የቀሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ አቶ ፀሐዬ ናቸው፣ በየስብሰባውም ይህን ሳይጠቅሱ ተናግረው አያውቁም። ያችን ቁጥር ከየኔነሽ ጋር ነበር የተካፈሏት። ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ብቻቸውን የተጻፉበትን ቤት ከመክፈቻው እስከ መዝጊያው ሰረዙና ላፕቶፑን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

በኢሊሊ ቤት ውስጥ፣ ከዱሬቲ ዝቅ ብለው፣ አዲስ ሰው ከፈቱ። ስማቸውን ጻፉ። ዝምድና የሚለው ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ትንሽ ቆመና «ጎረቤት» ብለው ጻፉ። ምንም አልቀላም።

«ስህተት» አለች ኢሊሊ።

«ተቀብሎታል እኮ!»

«እኔ አልተቀበልኩትም።»

እናትና ልጅ ይጠብቋቸዋል። አቶ ፀሐዬ «ጎረቤት»ን ፊደል በፊደል አጠፉ። «አ»ን ጻፉ። ከዚያ ኪቦርዱ ላይ ጎንበስ አሉ፤ መነጽራቸውን ጠረጉ፤ አሁንም አልታይ አላቸው። ሰማንያ አራት ቤት ማንንም ሳይጠይቁ የጻፉ ሰው ናቸው።

«ኢሊሊ» አሉ፣ «‹ባ› የት ነበረች?»

በዚህ ልታሾፍባቸው ትችል ነበር። ጣታቸውን ይዛ ቦታው ላይ አኖረችላቸው።