የቦይለር ጠጋኙ አቼቶ

"አንድ ዓይንህን ጨፍን፣ ጋሼ። ጠረጴዛውን አትደገፍ።"

ቦይለር ጠጋኙ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ በማይክሮስኮፑ አጮለቀ። ታናሽ እህቱ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ መሥራት ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ እሱ ግን የገዛ ሽንቱን እንዲህ አፍጥጬ አያለሁ ብሎ አስቦ አያውቅም። የሚያብለጨልጩ፣ ባለአራት ማዕዘን ጥቃቅን ነገሮች ተበታትነዋል።

"እነዚህንማ አውቃቸዋለሁ!" አለ፣ የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ ሰው። "ቦይለር ስከፍት የማገኘው ነጭ ቅርፊት ታናናሽ ወንድሞች ናቸው። ታዲያ በአቼቶ አይለቁም?"

"ጠጥቻለሁ እንዳትለኝ!"

ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሳ ጆሮውን አከከ።

"ጠዋት ጠዋት ግማሽ ብርጭቆ ብቻ" አለ። "ሐኪሙ ለኩላሊቴ የሰጠኝ እኮ የብግነት መድኃኒት ነው። ጠንቁ ቅርፊቱ ሆኖ ሳለ እብጠቱን ማባበል ምን ያደርጋል ብዬ..."

"መድኃኒቱን አልዋጥከውም?" እህቱ ወንበሯን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። "ስማኝ። አቼቶው ኩላሊትህ ጋ አቼቶ ሆኖ አይደርስም። ደግሞ ብረት ቅርፊት ቢጋገርበት ችሎ ይሸከማል፤ ሥጋ ግን አይችልም። ይህ ያየኸው ክሪስታል የተቀመጠበት ቦታ ላይ ሰውነትህ ባዕድ ገባብኝ ብሎ ይዘምትበታል። ያብጣል፣ ይቆስላል፣ ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳ የሆነው አይመለስም። የኩላሊትህ ግማሽ ያህሉ ሄዷል፤ ቀሪውን የምታድን ከሆነ አሁን ነው።"

እሱ ግን መጠየቁን አልተወም።

"ከየት መጣብኝ? ቦይለር ውስጥ ውሃ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ነው የሚጋገረው።"

"ራስህ መለስከው። በቀን ስንት ብርጭቆ ውሃ ትጠጣለህ?"

አንገቱን ደፋ። ውሃ የማይጠጣው ሽንት ቤት ላለመጠየቅ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው መታጠቢያ ቤት ሲጠግን፣ አንድም ቀን የደንበኛ ሽንት ቤት ተጠቅሞ አያውቅም። ነውር ይመስለዋል።

"አንተስ ጉድ ነህ!" አለች እህቱ፣ ሳቋም እንባዋም እኩል እየመጣ። "መድኃኒቱንም ውሃውንም። እሺ?"

ከሰዓት በኋላ በአንዲት ጡረተኛ መምህርት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቦይለር ፈታ። አቼቶውን ከቦርሳው አውጥቶ ቅርፊቱ ላይ እስከ ጠብታው ገለበጠው። አረፋ ሲደፍቅ እያየ ክኒኑን ዋጠና አንድ ሊትር ውሃ ጨለጠ።

ሥራው ሳያልቅ ሽንቱ ወጠረው። እንደ ልማዱ ጥርሱን ነከሰ። ኋላ ግን መፍቻውን አስቀምጦ፣ ላብ እያጠመቀው ሳሎን ብቅ አለ።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት?"

"ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?"

"የለም። ሽንት ቤት... ልጠቀም ፈልጌ ነው።"

ሴትዮዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት።

"ውይ ልጄ፣ ከዚያው ውስጥ አይደል እንዴ የወጣኸው?"

አመስግኖ ተመለሰና በሩን ከውስጥ ዘጋ።