ወር በሜትር ሲለካ

እማማ ዘርፈሽ እንደሚሉት የሴት ማኅፀን የሚሞቀው ደም ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው፤ ያን ጊዜ ያላረገዘች ሴት መቼም አታረግዝም። ሲስተር ድርቤ እንደምትለው ግን በእነዚያ ቀናት ምንም የለም፤ እንቁላሏ ወጥታ፣ የሚያገኛት አጥታ ከሞተች ቆይታለች። ሸዋጌጥ ሁለቱንም በአንድ ጠዋት ሰማች፤ የአማቷን ከቤት ስትወጣ፣ የነርሷን ክሊኒክ ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ። አሁን ነቀምቴ ገበያ አጠገብ ካለው የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ገብታ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። የግራውን እጅጌ በቀኝ ገጥማ፣ ፈትታ፣ መልሳ በቀኝ ገጠመችው።

ካገባች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ባሏ ዓምደሚካኤል ራቅ ብላ ባለችው በአያና ከተማ ያስተምራል፤ የመምህራኑን ደመወዝ ሊወስድ በየወሩ በሃያ ዘጠኝ፣ ለበዓለ ወልድ ይመጣና ሦስት ሌሊት አድሮ በጭነት መኪና ይመለሳል። እሱ በሄደ ማግስት፣ ወር በገባ በሦስት፣ ለባዕታ፣ ደሟ ይመጣል። ዘንድሮ አንድም ወር አልሳተም።

"ጊዜው እንዲህ ገጥሞልሽ ካልያዘ ምን ልበል?" ብለዋት ነበር እማማ ዘርፈሽ ጠዋት። "ኑኑ ቁምባ ላሉት ዘመዶቼ ልኬባቸዋለሁ። ለልጄ የምትሆነውን ልጅ አይቻታለሁ፤ ጨዋ ናት። እስከ ፋሲካ እጠብቅሻለሁ።"

ክፉ ሴት አልነበሩም። ሸዋጌጥ ስትታመም ገንፎ አገንፍተው፣ ገላዋን አጥበው የሚያስታምሟት እሳቸው ናቸው። ሰባት ወልደው የቀራቸው ዓምደሚካኤል ብቻ ነው። ነገሩን የከበደ ያደረገባትም ይኸው ነበር፤ እንድትጠላቸው ምክንያት አጣች፣ እንድታምናቸውም ነርሷ ያለችው ከጭንቅላቷ አልወጣላት አለ።

"በየወሩ ለባዕታ ነው የሚመጣው?" ብላ ነበር የጠየቀቻት ሲስተር ድርቤ።

"ዘንድሮ። አምና ለኪሮስ ነበር፣ በስምንት። ዘመን ሲለወጥ ወደ ሦስት ወረደ። እማማ ደም ቀኑን ከለቀቀ ሕመም ነው ቢሉኝ ጸበል ገባሁ።"

"ጳጉሜንን ቆጥረሻታል?"

"ጳጉሜንን?"

"አምስቱን ቀን። ሰውነትሽ ቀን እንጂ የታቦት በዓል አይቆጥርም፣ አዴ ሸዋጌጥ። ያንቺ ሠላሳ ሲሞላው ይመጣል። የሌላዋ ሃያ ስምንት ሊሆን ይችላል፣ የአንዷም ይዛነፋል፤ ሁሉም ደህና ነው።"

ከዚያ ድርቤ የክኒን ካርቶን ጀርባ ላይ ሥዕል ሣለችላት። ከማኅፀን ግራና ቀኝ ሁለት እጢዎች፤ ከአንደኛው በየወሩ አንዲት እንቁላል ትወጣለች።

"እንቁላል? እንደ ዶሮ?"

"ከጤፍ ታንሳለች። ማኅፀን እሷን ሲጠብቅ ውስጡን ያነጥፋል። ካልተረገዘ ንጣፉ ይፈርሳል፤ ደም ሆኖ የምታይው እሱን ነው። እንቁላሏ የምትወጣው ደሙ ከመምጣቱ ዐሥራ አራት ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ነው፤ ዕድሜዋም አንድ ቀን ነው። የወንዱ ዘር ግን ቀድሞ ከደረሰ ሦስት አራት ቀን ይጠብቃታል። ባልሽ መቼ ነው የሚመጣው?"

ሸዋጌጥ ነገረቻት። ድርቤ እርሳሷን አስቀመጠች።

"ትወልጃለሽ አልልሽም። ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ከአንቺ ወይም ከእሱ። ግን በቀኑ ሳትገናኙ ማንም ተነሥቶ መካን ሊልሽ አይችልም።"

ሸዋጌጥ እጅጌውን ወደ ጎን ገፋችና ሜትሯን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ስምንት ላይ መርፌ ሰካች፤ የነሐሴ ኪሮስ። ሠላሳ ቆጥራ ሠላሳ ስምንት ላይ ሌላ ሰካች። ነሐሴ ሠላሳ ላይ ያልቃል፣ ጳጉሜን ሠላሳ አምስት ላይ። የተረፈው ሦስት ነው። ባዕታ። እንደገና ቆጠረች፤ ያው ሦስት መጣ። ጸበል የገባችበት ሕመም ሜትሩ ላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ሆኖ ፊቷ ተኝቷል።

"ያለ ጨርቅ ምንድን ነው የምትለኪው?" አለቻት ወሰኔ ከጎረቤት የስፌት መኪና።

"ራሴን።"

"ቀጥነሻል፤ ብዙ አይፈጅም።"

አሁን ከሚቀጥለው ወር ባዕታ፣ ከሠላሳ ሦስት፣ ዐሥራ አራት ወደ ኋላ ተመለሰች። ዐሥራ ዘጠኝ፤ ገብርኤል። ባሏ የሚመጣው ሃያ ዘጠኝ ላይ። አምናም ቢሆን እንቁላሏ ሃያ አራት ላይ ወጥታ በአምስት ቀን ትቀድመው ነበር። ሜትሩ ላይ ሲታይ ሁሉም ግልጽ ነው። ጠቅልላ ኪሷ ስትከተው ግን እንደገና ተምታታባት። ሰባት የወለደች ሴት እንዴት ሳታውቅ ትቀራለች? ደግሞስ በዚያ ቀን ባሏ ዘንድ ሄዳ ባይሳካ? ያን ጊዜ ለፋሲካ የምትለው ምን ይቀራታል?

ከከተማ መውጫ ወረቀት የሚሰጠው ቀበሌ ነውና ማታ ከሥራ ስትወጣ ጽሕፈት ቤቱ ገባች። በረንዳው ላይ ሴቶች ካርዳቸውን ይዘው ለስኳር ተሰልፈዋል፤ እማማ ዘርፈሽም አሉ።

"አከም ጅርታ፣ አዴ ሸዋጌጥ። የስኳሩ ሰልፍ በወዲያ ነው" አላት ጸሐፊው ሞረዳ።

"የመንገድ ወረቀት ፈልጌ ነው፣ ኦቦ ሞረዳ። ወደ አያና።"

"መምህሩ በወሩ መጨረሻ ይመጣ የለ? ፎርሙ ምክንያት ይጠይቃል። ሕመም፣ ለቅሶ ወይም የመንግሥት ሥራ።"

እማማ ዘርፈሽ ከሰልፉ ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ። "ልጄ ታመመ እንዴ?"

"አልታመመም፣ እማማ።"

"ታዲያ ምን ተገኘ? ከዚያች ነርስ ጋር ስታወሪ አረፈድሽ አሉ። እሷ ስንት ወልዳለች?"

"አንድም።"

"እኔ ሰባት ወልጃለሁ።"

"አውቃለሁ፣ እማማ።"

ሞረዳ እስክሪብቶውን አንሥቶ ሁለቱን በየተራ አየ። "ሰልፉ ረጅም ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ለቅሶ ብዬ ልሙላው?"

ሸዋጌጥ ማን ልክ እንደሆነ አሁንም አታውቅም ነበር። የምታውቀው የትኛው እንዳልተሞከረ ብቻ ነው።

"የእርስዎን ቀን አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሞክሬዋለሁ፣ እማማ" አለች። ከዚያ ወደ ሞረዳ ዞራ፣ በረንዳው እስኪሰማ፦ "ለቅሶ አይበሉ። ከባሏ ጋር ለማደር ብለው ይጻፉ። ከየካቲት ዐሥራ አምስት እስከ ሃያ።"